ከአምስተኛ በታች

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት መስቀል ሲቃረብ እንዲወጣ ያደረገው ማን እንደሆነ እንጃ፤ ጋሞን የማያውቅ ሰው መሆኑን ግን አልጠራጠርም። የ2016ቱ ፈተና ውጤት ጳጉሜ ውስጥ ተሰማ፤ የ2017ቱ ደግሞ ዓመቱ በተለወጠ በቀናት ውስጥ። ይኼ ለአዲስ አበባ ልጅ ምኑም አይደለም። ውጤቱን በስልኩ ያያል፣ በሩን ዘግቶ ይስቃል ወይም ያለቅሳል። እኛ ጋ፣ ጋሞ ውስጥ ካምባ ላይ ግን ያ ሰሞን ቤት የሚሞላበት ነው። ዮ ማስቃላ፣ የጋሞ መስቀል፣ ደረሰ ሲባል ሸማኔው ከሽሮ ሜዳ፣ ነጋዴው ከሐዋሳ፣ የጉልበት ሠራተኛው ከአርባ ምንጭ ሲቀላ፣ ሁሉም በገረሴ በኩል ሲንገጫገጭ ውሎ ይገባል። እናም ጥሩ ውጤት ያመጣ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ምርጫውን ብቻውን አይሞላም። ለቅርጫ የተሰበሰበው ሰው በሬውን ከተካፈለ በኋላ ምርጫውንም እንደ ሥጋው ይመድበዋል፤ አንዱ ሽንጡን፣ ሌላው ጎድኑን።

ጥሩ ውጤት ስል ደግሞ የዋዛ አይደለም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በመጀመሪያው ዙር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ነበሩ። በዓመቱ 3.2፣ ቀጥሎ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4። ከዚህ ወንፊት የተረፈች ልጅ በሰፈሩ ስሟ ይቀርና “የማትሪኳ ልጅ” ትባላለች። እናቷ ገበያ ስትወጣ ሰው ቅቤ ሊያስቀምሳት ይጠራታል።

የእኛ ሰፈር የማትሪኳ ልጅ ጎረቤቴ ናት። በ2016 ተፈትና ከስድስት መቶው አምስት መቶውን ተጠግታ መጣች። የምትፈልገው ሕክምና ነው። እዚህ አገር ያንን ያህል ያመጣ ልጅ ሕክምና አልፈልግም ቢል ጸበል ነው የሚወሰደው።

እኔ ለምክክሩ የተጠራሁት አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተምሯል ተብሎ ነው። የተማርኩት መስኖ ነው። ግቢው በ1979 የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ የተከፈተ ነውና እኔን የመሰለ ሰው ማፍራቱ አይገርምም። የተሰበሰበው ሰው ግን ውኃና ሕክምና ያን ያህል የሚራራቁ አልመሰለውም፤ ሁለቱም ቧንቧ አላቸው። “ኢንጂነር፣ አንተ ተናገር” ተባልኩ። ካምባ ላይ ለውኃ መሥሪያ ቤት ማኅተም የሚይዝ ሁሉ ኢንጂነር ነው። “ዶክተር” ስለሚባለው ኋላ እመለስበታለሁ።

የጋሞ ሰው ጉዳዩን ዱቡሻ ላይ ነው የሚጨርሰው፤ ተቀምጦ፣ ተራ ጠብቆ፣ ተመራርቆ። የጎረቤቴ ሳሎንም ያን ዕለት ትንሽ ዱቡሻ ሆነ፤ ከመሐሉ የልጅቷ ስልክ ነበር፣ መስታወቱ በሰያፍ የተሰነጠቀ። ስልኩ ውስጥ ከአርባ የሚበልጡ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተደርድረዋል። ሁሉንም በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ግድ ነበር።

መጀመሪያ የተናገሩት ከሽሮ ሜዳ የመጡት አጎቷ ናቸው። “ምን ያመካክራል? ጥቁር አንበሳ ጻፊ!”

“ጋሼ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እኮ ራስ ገዝ ሆኗል” አልኩ። “የራሱ መግቢያ ፈተና አለው። ለብቻው ነው የሚመዘገቡበት።”

“ትፈተናላ! ፈተና ፈርታ ነው እዚህ የደረሰችው?”

“ትፈተን፤ ግን መጠባበቂያ ያስፈልጋል።”

“መጠባበቂያ ልብ ይከፍላል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም” አሉ ጋሼ።

አባትየው እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ነበር። “ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል” አለ ቀስ ብሎ።

የእኛ ተረትና ምሳሌ ችግሩ ይኼ ነው። ለመቁረጥም አለው፣ ለመወላወልም አለው። ሁለት ሽማግሌ ሁለት ተረት ይዞ ከተቀመጠ ነገሩ ያለው ቡናው ላይ ነው፤ ሦስተኛው ስኒ እስኪጠጣ መጠበቅ ነው።

ሦስተኛው እስኪደርስ እኔ ያለችኝን ንድፈ ሐሳብ አቀረብኩ። ከ2012 ወዲህ ከማትሪክ ቀጥታ ሕክምና የሚገባ የለም፤ መጀመሪያ ፍሬሽማን ነው። ሁሉም አንድ ላይ ሒሳቡንም፣ እንግሊዝኛውንም፣ ጂኦግራፊውንም ይማራል፤ ከዚያ የማትሪኩ ውጤትና የፍሬሽማኑ ነጥብ ተደምሮ ነው ሕክምና ማን ይግባ የሚባለው። እንግዲህ ጥያቄው “የትኛው ዩኒቨርሲቲ ትልቅ ነው?” አይደለም። ጥያቄው “አጠገቤ የሚቀመጠው ማነው?” ነው። ጎንደርና ጅማ የተባሉትን የአገሩ ጎበዝ ሁሉ በአንደኛ ምርጫ ይሞላቸዋል። በሌላ በኩል መንግሥት በ2004 በአንድ ጊዜ አሥራ ሦስት አዳዲስ የሕክምና ማሠልጠኛዎች ከፍቷል፤ ዛሬ ዲላም፣ ሶዶም፣ ሆሳዕናም፣ ሚዛንም ሐኪም ይወጣል። የሚሰጡት ዲግሪ ያው ነው። የአገር አቀፉ የሙያ ፈቃድ ፈተና ሲመጣም ወረቀቱ ጎንደር የተማረውን ከሚዛኑ አይለይም። ጎበዝ ተማሪ የትም ይማራል፣ በጠባብ ቦታ ከሚጋፋ ሰፋ ባለበት ገብቶ ሕክምናውን ይያዝ፤ የእኔ ነገር ይኼ ነው።

በረጅሙ ተናገርኩ። ሰው ሁሉ አክብሮ አዳመጠኝ። ከዚያ ጋሼ “እና ጥቁር አንበሳ ጻፊ” አሉ።

እናትየው የምትፈልገው መጠባበቂያ ሌላ ነበር። በ2012 በየዩኒቨርሲቲው ግጭት ተነስቶ ተማሪው ሻንጣውን እየጎተተ ሲመለስ አይታለች፤ ከዚያ በኋላ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ከእኔ ይልቅ ካርታውን የምታውቀው እሷ ናት። በሬዲዮ ነው የተማረችው። የትኛው መንገድ መቼ ተዘግቶ እንደነበር፣ የትኛው ከተማ በስንት ወሩ መብራት እንደመጣለት አንድ ባንድ ትነግርሃለች። “ሐኪም ትሁንልኝ፤ ግን መጀመሪያ ወጥታ ትግባ” አለች። ስለዚህ የእናት አንደኛ፣ ሁለተኛም፣ ሦስተኛም ምርጫ አርባ ምንጭ ነው። ቅዳሜ በመኪና ኮጮና ቅቤ ትልካለች፣ ቢያማት በቀኑ ትደርስላታለች። ማንም ይኼን ነጥብ በነጥብ አልተከራከራትም፤ የሚቻል አይደለም።

የተቃወመችው ልጅቷ ናት። የፈተናው ሰሞን ግቢ ውስጥ ስላደረች የአርባ ምንጭን ነገር ጨርሳ አጥንታዋለች። ከሙቀቱ፣ ከአልጋው፣ ከሽሮው ሁሉ አንድ ነገር አስመርሯታል። “ወባ አለ” አለች።

“ሐኪም ልትሆኚ አይደል እንዴ?” አላት ወንድሟ።

“እኔ ማከም ነው የምፈልገው፣ መታመም አይደለም።”

የእሷ ልብ ያለው ጎንደር ነው፤ የድሮ ነው፣ ስም አለው፣ ደግሞም ሩቅ ነው። ሩቅ መሆኑን አልተናገረችም፤ ግን አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ውኃ የቀዳችና ታናናሾቿን ያዘለች ልጅ ሩቅ ብትወድ ማን ይፈርድባታል? እኔ ወባን ሸሽቶ ጎንደር መሄድ ታሪኩን አለማወቅ ነው አልኳት። ጎንደርን ሕክምና ያስጀመረው ወባ ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ ደንቢያ ላይ ወባ ያንን ሁሉ ሰው ፈጅቶ ነው የሕዝብ ጤና ኮሌጁ በ1947 የተከፈተው። መጀመሪያ ያሠለጠነውም ዶክተር አልነበረም። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስ፣ ሳኒቴሪያን ነበር። አዲስ አበባ ላይ የሕክምና ፋኩልቲ የተቋቋመው ከዚያ ወደ አሥር ዓመት ቆይቶ ነው። ዛሬ ልጆቻችን ሕክምና ካልደረሰኝ ብለው በሁለተኛ ረድፍ የሚጽፉት ጤና መኮንን እንግዲህ የአገሩ የበኩር ልጅ ነው፤ ታናሹ ሲያገባ ወንበሩን ለቆ ወደ ጓዳ የገባ።

ጤና መኮንን ሲባል ጋሼ ፊታቸውን አጨፈገጉ። “እሱ ዶክተር ይባላል?”

ከላይ ያቆየሁት የ“ዶክተር” ነገር እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። ካምባ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አላት። በሩ ላይ ለግማሽ ቀን የተቀመጠ ሰው የሚሰማው አንድ ቃል ነው። ነርሷ ዶክተር ናት፣ መድኃኒት የሚያድለው ዶክተር ነው፣ ደም የሚቀዳው ልጅ ዶክተር ነው። ካርድ ክፍል የሚሠራውን እንኳ ወረፋ ያስቀድመኝ ብለው “ዶክተርዬ” ሲሉት ሰምቻለሁ፣ እሱም አቤት አለ። ጤና መኮንኑ ደግሞ ሌሊት ተጠርቶ ያዋልዳል፣ አጥንት ያስራል፣ አርባ ምንጭ ሪፈር የሚባለውን ይጽፋል። ጋውኑ እስከነጣ ድረስ የካምባ ሰው ዲግሪ አይጠይቅም። እንደ ወላይታም እንደ አማራም አገር ሁሉ ማለት ነው፣ ካምባን ለብቻዋ እንዳላማት። ታዲያ ሕክምና በመጠባበቂያው ቢተካ ስሙን ማን ይወስድባታል? ጋሼን ያረካቸው ይኼ ክርክር ብቻ ነው።

በዚህ መሐል ስልክ ተደወለ። አሜሪካ ያለው የአጎት ልጅ ነው፣ በዓሉን እንኳን አደረሳችሁ ሊል። ምክክሩን ሲሰማ እሱም ገባበት። እዚያ ሕክምና ለመማር መጀመሪያ የአራት ዓመት ዲግሪ ይያዛል አለ፤ ከዚያ ኤምካት የሚሉት ፈተና አለ፤ ከዚያ አንዱ ልጅ ከአሥራ አምስት ለሚበልጥ ትምህርት ቤት ያመለክታል፣ ለእያንዳንዱ እየከፈለ። ከግማሽ የሚበልጠው አመልካች በዚያ ዓመት አንዱም ጋ አይገባም። መጠባበቂያ ብሎ የሚያሳርፍ ትምህርት ቤት የለም፣ ሁሉም ጠባብ ነው አለን።

ጋሼ ስልኩን ተቀብለው “ካልገቡ ገንዘባቸው ይመለሳል?” ሲሉ ጠየቁ።

“አይመለስም።”

“በል ልጄ፣ አንተ ወደ አገርህ ግባ።”

የግል ኮሌጅ ነገርም ተነስቶ ነበር። አዲስ አበባ ሐያት አለ፣ ቤቴል አለ፣ ኮሪያዎቹ የከፈቱት ሚዩንግሰንግ አለ። ክፍያውን ስንሰማ አባትየው በመስኮት ወደ በረቱ አየ፣ ቆጠረ፣ መልሶ ዞረ። ያ አጀንዳ እዚያው ተዘጋ።

ማምሻውን ስምምነት ላይ ተደረሰ፤ ማለትም ሁሉም ሰው አንድ አንድ ቦታ ያዘ። የአዲስ አበባው ለብቻው ትመዘገባለች። በዚህኛው ፎርም ላይ አንደኛ ጎንደር፣ የልጅቷ። ሁለተኛ አርባ ምንጭ፣ የእናትየዋ። ሦስተኛ ላይ ግን እኔ በሒሳቤ ዲላ ልል አፌን ስከፍት ጋሼ ቀደሙኝ። “ሶዶ!” አሉ። ምክንያታቸውን ሁላችንም በጉጉት ጠበቅን። ከአዲስ አበባ ሲመጡ አውቶቡሱ ለምሳ የሚቆመው ሶዶ ላይ ነው። የሶዶ ጥሬ ሥጋ ደግሞ ምስክር አይፈልግም። ስመላለስ እግረ መንገዴን አያታለሁ፣ እሷም ትጋበዛለች አሉ። ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ከዚህ የባሰም ያልባሰም ምክንያት ሲቀርብ ሰምቻለሁ። አራተኛ ዲላ፣ አምስተኛ ሐዋሳ ብለን አሳረፍነው።

በማግስቱ ኮምፒውተር ቤት ሄድን፤ በልጅቷ ስልክ ኔትወርኩ እምቢ ስላለ። ካምባ ላይ ኮምፒውተር ቤት ማለት አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ፣ ጀርባው ላይ የተቀደደ የፕላስቲክ ወንበር፣ እና መብራት ሲጠፋ ከጎረቤት ጄኔሬተር የሚሳብ ገመድ ነው። ወረፋው እስከ ውጭ ወጥቷል። ባለቤቱ በሃያዎቹ መጨረሻ ያለ ልጅ ነው፤ አይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል በአንድ እጁ ቆሎ ይበላል። የመዝገብ ቁጥሯን ጻፈ፣ ጠበቀ፣ እንደገና ጻፈ። አምስቱን ነገርነው። ጣቱ አምስት ጊዜ ወረደ።

ከዚያ ሳያየን “ከአምስተኛ በታች በራሴ ልሙላው?” አለ።

ማንም መልስ አልሰጠም። ኋላ የነበረው ልጅ “ሙላው፣ ሙላው፣ ይቸኮላል” አለ። ባለቤቱም ሞላው። ስክሪኑ ላይ የተደረደሩት በእንግሊዝኛ ፊደል ነውና ጣቱ ከላይ ወደ ታች እየወረደ በ“ኤ” ጀመረ፤ አዲግራት፣ አምቦ፣ አርሲ፣ አሶሳ። እዚያ ቆሜ ስንቱ የካምባ ልጅ አሶሳ የሄደው ስሟ በ“ኤ” ስለጀመረ ብቻ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቅቤ ቀልጦ፣ ተረት ተተርቶ የተከራከርነው ስለ አምስቱ ነው። ልጅ ግን ከአምስቱ በታችም ያርፋል፣ ያንን ደግሞ የሚሞላው ቆሎ የሚበላ ሰው ነው። እንደ እኔ ከሆነ ምክክሩ መገልበጥ አለበት። አንደኛውን ልጅቷ በአንድ ደቂቃ ትጻፈው፣ ሽማግሌዎቹ ሃያ ስድስተኛው ላይ ይቀመጡ።

“አንተ የት ተማርክ?” አልኩት ባለቤቱን፣ ወረቀቱ ከፕሪንተር እስኪወጣ።

ስሙን ጠራልኝ። ሩቅ ነው። “ምርጫዬ ነበር፤ ሃያ ስድስተኛ” አለ። “በደንብ ነው የተማርኩት። ሥራ ግን በመጀመሪያም በሃያ ስድስተኛም የመረጠው እኩል ነው ያጣው።” ከዚያ “ቀጣይ!” አለ።

ምደባው ሲወጣ ሶዶ ደረሳት። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ፣ ሦስተኛ ምርጫ፣ የጥሬ ሥጋው። እናትየው ካርታዋን አስባ ሶዶ ከአርባ ምንጭ ያን ያህል አይርቅም አለች፣ ልጅቷ ከቤት እስከወጣች ድረስ ግድ አልሰጣትም፣ ጋሼ ደግሞ ከሽሮ ሜዳ ደውለው “አላልኳችሁም!” ሲሉ ስልኩ ተርገበገበ። ንድፈ ሐሳቤ ዲላ ላይ ነበር ማለትን ማንም አልፈቀደልኝም።

የፍሬሽማኑ ዓመት አለፈ፤ አሁን ደግሞ ትምህርት ክፍል መምረጥ መጣ፣ እዚህም በቅደም ተከተል። ዘንድሮ ዱቡሻው በስልክ ሆነ፣ ስፒከር ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ። አንደኛ ሕክምና፤ ይኼ አልተነካም። ክርክሩ ሁለተኛው ላይ ነበር። ጋሼ ግን ከአምና ቀዝቅዘዋል። ግንቦት 2017 ላይ የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ አልበቃን ብለው ሥራ እስከማቆም መድረሳቸውን ሰምተዋል፤ ሽሮ ሜዳ ላይ የሚሰማ ነገር ሁሉ እጥፍ ነው። “ሰባት ዓመት ገደማ ተምሮ ነው እንዲህ የሚለው?” አሉ። “እንግዲያ ዶክተሩ ራሱ መጠባበቂያ ያስፈልገዋላ! በሉ ላኩልኝ፤ ክረምት ክረምት ጥለት ላስተምራት፣ እጇ ቀጭን ነው፤ ለቀዶ ሕክምናም ይሆናታል።”

እናትየው ነርሲንግን ወደደች፣ አራት ዓመት ነው ሲባል ሰምታ። ልጅቷ ፋርማሲ አለች። አባትየው ጤና መኮንን፣ የበኩር ልጅ ነው ያልኩትን አልረሳም። አያትየው እስከዚያ ምድጃው አጠገብ ተኝተው የነበሩ የመሰሉን ቀና አሉና የከብት ሐኪሙስ የት ነው የሚማረው ሲሉ ጠየቁ። ሶዶ ላይ እንዳለ ነገርኳቸው። እሱም ዶክተር ይባላል ወይ አሉኝ። ይባላል፣ እንደውም በዲግሪው ነው የሚባለው አልኳቸው። “ታዲያ ምን ትጨቃጨቃላችሁ? ሰው ከታመመ አርባ ምንጭ ይላካል፤ በሬው ከታመመ ማን ሪፈር ይጽፍለታል?”

ልጅቷ ስትስቅ በስልኩ ተሰማ። በኋላ የሞላችውን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። አንደኛ ሕክምና፣ ሁለተኛ ፋርማሲ፣ ሦስተኛ ጤና መኮንን፣ አራተኛ ነርሲንግ። አምስተኛው የከብት ሕክምና ነው፤ እሱ የአያትየው ነው።